ሰዓት ሠሪው ዝም ያለ ቀን

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዳኛው ቤት እንግዳ አይጠራም፤ ራዲዮ አይከፈትም፤ ስልክ ቢጮህም የሚያነሳው የለም። ሳምንታዊው መጽሔት የሚወጣው ቅዳሜ ነው። ዳኛው ራሳቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ቢያልፋቸውም ሰፈሩ ቤቱን አሁንም በእሳቸው ይጠራዋል። ውስጡ ግን የቀሩት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ልጃቸውና እህታቸው።

ልጅቷ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሥራዋን ስትጨርስ ነጩን ጋዋን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ፣ መጽሔቱን ከመንገድ ገዝታ፣ አንድም መስመር ሳታይ እቤት ትደርሳለች። መንገድ ላይ ማንበብ ክህደት ነው። አክስቷ በመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል። ሞራ ዓይናቸውን ከጋረደው ወዲህ ፊደል አይለዩም፤ ጆሯቸው ግን የደጁን ማጠፊያ ጩኸት ከሩቅ ይለያል።

«በይ እንግዲህ፣ ከቁም ነገሩ ግቢ!» ይላሉ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ። «የኮከብ ቆጠራውንና የጤና አምዱን ዝለይው። ያ ምስኪን ሰዓት ሠሪ ምን ሆነ?»

መጽሔቱ ላይ በብዕር ስም የሚወጣው ተከታታይ ልቦለድ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በሩቅ አገር የተጻፈ አንድ የቆየ የፍቅር ታሪክ ወደ ዛሬ ዘመን ያመጣ ነበር። በጥንቱ መጽሐፍ የትልቅ ባለ ርስት ልጅ፣ የአባቷን መሬት ሊለካ ከመጣ ቀያሽ ፍቅር ይይዛታል። በመጽሔቱ ግን ልጅቷ የታዋቂ ጠበቃ ልጅ ሆናለች፤ ቀያሹም የሰዓት ጥገና ሱቅ ያለው ሰው። ሠረገላው ታክሲ ሆኗል። የጭፈራው አዳራሽ የሠርግ ድንኳን ሆኗል። የጥንቷ ልጅ ፊቷን የምትሸፍንበት ማራገቢያ ደግሞ ስልክ ሆኗል፤ ያፈረች ጊዜ መልእክት የመጣላት መስላ ስልኳ ውስጥ ትደበቃለች። የዳኛው ልጅ የጥንቱን መጽሐፍ በቃሏ ልትወጣው ምንም አልቀራት። ስለዚህ የእሷ ደስታ ሌላ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ መድኃኒት እየቆጠረች፣ «ጓንት የምታወልቅበትን ቦታ አሁን በምን ይተካው ይሆን?» ስትል ትሰነብታለች። ቅዳሜ መልሱን ስታገኝ ብቻዋን ትስቃለች።

አንዳንድ አረፍተ ነገር ላይ ግን ድምፅዋ ያለ ምክንያት ይሰበር ነበር። አክስቷ «ምነው?» ሲሏት «ጉሮሮዬን ነው» ትላለች።

ያ የጥንት መጽሐፍ የእናቷ ነበር። እናቷ የሞተችው ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ነው፤ ከልብሶቿ ይልቅ እሷ እሷን ይሸት የነበረው መጽሐፉ ነው። ሦስት ቅጽ ነው። ሁለተኛው ቅጽ ከመነበብ ብዛት ጀርባው ተገነጠለ። ከስምንት ዓመት በፊት ታዲያ በጨርቅ ጠቅልላ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ወዳለው የጥረዛ ክፍል ይዛው ወረደች። ዝቅ ያለ መስኮት፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ የእንጨት መጭመቂያ፣ የክርና የቆዳ ቁርጥራጭ። ጠራዡ ከእሷ በሁለት ዓመት ቢበልጥ ነው። እናቱ የሰው ልብስ እያጠበች ያሳደገችው ነው፤ ትምህርቱን ያቋረጠው እሷ ስትታመም ነበር። የቀረውን ከሚጠርዘው ተማረ።

«መቼ ይደርስልኛል?» አለችው።

«አንብቤ ስጨርስ።»

«ይቅርታ?»

«ሳላነብ አልጠርዝም። የታመመበትን ሳይጠይቅ መርፌ የሚወጋ ሐኪም አይተው ያውቃሉ?»

«በየቀኑ» አለች የመድኃኒት ባለሙያዋ። ሁለቱም ሳቁ።

በሳምንቱ መጽሐፉን ልትወስድ ስትመጣ ጠራዡ ተቆጥቶ ጠበቃት። «ይሄ ቀያሽ ምን ዓይነት ሰው ነው? ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ‹ክብርት ሆይ›፣ ‹ክብርት ሆይ›! አንድ ጊዜ በስሟ ቢጠራት ሰማይ ይወድቃል?»

«ውበቱ እሱ ላይ ነው እኮ! ሦስተኛውን ቅጽ ያንብቡና ያናግሩኝ። በስሟ ሲጠራት እኔ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ተነስቻለሁ።»

ሦስተኛውን ቅጽ አነበበ። ከዚያ ያ ዘመን ሁለቱንም ያዛቸው። እንዲያ ያሉ መጻሕፍት እየፈለጉ፣ ደብዳቤ መጻጻፍ ለመታጨት ያህል ስለሚቆጠርበት፣ ከአንድ ሰው ጋር ሁለት ጊዜ መጨፈር ሰፈር ስለሚያወራበት፣ እጅ መንካት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ስለሚፈጅበት ዘመን ይከራከሩ ጀመር። መጽሐፍ ሲለዋወጡ በገጾቹ መሐል ቁራጭ ወረቀት ይተዋል። «ገጽ 114፦ ጓንቷን ስታወልቅ ብሩሹ ከእጄ ወደቀ። የሙጫ ቆርቆሮውን ደፋሁት። ጥፋቱ የደራሲዋ ነው።» እሷም ከሥሩ ትመልሳለች፦ «ጥፋቱ የአንባቢው ነው። ሥራ ላይ እያሉ ያንብቡ ያለዎት የለም።»

አራት ወር እንዲህ እርስዎ ሲባባሉ ቆዩ። አንድ ቀን በዝናብ ተይዛ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጣ ሳለች፣ ገጽ ሲያስተካክል የነበረው ሰው ቀና ሳይል፣

«በቀያሹ ስስቅ እኛ ራሳችን እሱን ሆነናል» አለ።

«እውነትም። ታዲያ ማን ይጀምር?»

ቀና አለ። ዓይኖቻቸው ተገናኙ። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል።

«አንቺ» አላት።

ከዚያች ቃል በኋላ የሆነውን የዳኛው ልጅ ለማንም አላወራችም። እቤት ግን ደስታዋ ከአፏ እያመለጠ አስቸገራት። ከጥፍሩ ሥር ሙጫ ስለማይለቅ፣ እሱም ከሐሳቧ ስለማይለቅ «ሙጫው» ብላ ስም አወጣችለት፤ ለእሱ እንኳ አልነገረችውም። እራት ላይ «ሙጫው ዛሬ እንዲህ አለ» እያለች ትስቃለች። አባቷ ጋዜጣ ያነባሉ። አክስቷ ሹካቸውን አስቀምጠው ያዩአታል።

አንድ ሰኞ ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ በሩ ተቆልፏል። ሥራውን ለቋል አሏት። ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ደብዳቤ የለም፤ ቁራጭ ወረቀት እንኳ የለም። ዘመናዊ ልጅ ናትና አላበደችም። ሥራዋን ሠራች፤ ሊያጯት የመጡ ሰዎችን በትሕትና መለሰች፤ እናቷ በተወችላት መንገድ ማታ ማታ አነበበች። ሰለቸሁት ብላ ደመደመች። ያ ድምዳሜ ስምንት ዓመት ሙሉ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር አብሯት ኖረ፤ ስትራመድ ሁሉ ነበር።

አንድ ቅዳሜ በወጣው ክፍል ሰዓት ሠሪው ራሱ ተራኪ ሆኖ ነበር። ባለፈው ሳምንት የጠበቃው እህት ወደ ሱቁ በታክሲ ልትመጣ ስትነሳ ነው ክፍሉ ያበቃው፤ አክስቷም ሳምንቱን ሙሉ ሲራገሙ ሰንብተዋል። «ይቺ ክፉ! በሰው ፍቅር ውስጥ ምን አገባት? እግሯን ይያዘው!»

ልጅቷ ማንበብ ጀመረች።

«‹ሴትዮዋ ወንበር ስሰጣቸው በመሐረባቸው ጠረጉት። ጠርገው ሲያበቁ አልተቀመጡበትም። መሐረቡን ግን አጣጥፈው ጠረጴዛዬ ላይ ትተውት ቆሙ።›»

አክስቷ እጃቸውን ከወንበሩ ክንድ ላይ አነሱ። «በቃ ልጄ። ዛሬ ደከመኝ።»

«ገና ጀመርን እኮ! ሳምንት ሙሉ ሲጠብቁት የነበረው ቦታ ነው።»

«ራሴን አሞኛል አልኩሽ።»

«አንዲት ገጽ ናት፤ ልጨርሳትና ኪኒን እሰጥዎታለሁ።» ቀጠለች። «‹ልጃችን ለሐኪም ታጭታለች አሉኝ። አንተ ጨዋታዋ ነህ። መጽሐፍ ላይ ያነበበችውን ድሃ አፍቃሪ በቁሙ ማየት አምሯት ነው። ደግሞ በስምህ የምትጠራህ መስሎሃል? እራት ላይ ሙጫው ዛሬ እንዲህ አለ፣ ሙጫው ዛሬ እንዲህ ሆነ እያለች እኛን በሳቅ…›»

ቆመች። ወደ ኋላ ተመልሳ አየችው። ሙጫው።

በታሪኩ ውስጥ ልጅቷ ሰዓት ሠሪውን «ዘይቱ» ነበር የምትለው። ሁሌም ዘይቱ። ሰዓት የሚጠግንን ሰው ማን ሙጫው ይለዋል?

ቀጥሎ ያለውን ያነበበችው ለአክስቷ አልነበረም፤ ድምፅዋ ከራሷ አልፎ የሚሄድ ዓይነት አልነበረም። «‹እኔና እሷ አብረን ባነበብነው በጥንቱ መጽሐፍ፣ ቀያሹ እዚህ ቦታ ላይ ከራሷ አፍ ልስማው ይላል። ስንት ጊዜ አድንቄዋለሁ! ተራዬ ሲደርስ እጄን ጠረግሁና ዝም አልኩ። ሴትዮዋ የነገሩኝን እኔ ራሴ ለራሴ በየቀኑ ስነግረው ኖሬያለሁ። ሌላ ሰው ሲለው እውነት መሰለኝ።›»

መጽሔቱን ጉልበቷ ላይ አኖረችው።

«ሙጫው ያልኩት እዚህ ቤት ውስጥ ብቻ ነው» አለች። «እሱ እንኳ አያውቀውም ነበር።»

አክስቷ የነጠላቸውን ጫፍ ማጣጠፍ ጀመሩ።

«ሄደሽ ነበር?»

በሕይወቷ አክስቷን አንቺ ብላ አታውቅም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ሁለቱም ደነገጡ፤ የሰበሩት ዕቃ ያለ ይመስል ወለሉን አዩ።

«ሄጄ ነበር» አሉ አክስቷ። ድምፃቸው እንደ ትንሽ ልጅ ቀጭን ሆነ። «እናትሽ ስትሞት እጄን ይዛ አደራ አለችኝ። አደራ የተባለ ዕቃ ከፍ ተደርጎ ይቀመጣል፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው። ምድር ቤት ስትወርጂብኝ… ወንድሜ ምን ይለኛል፣ ሰው ምን ይለናል አልኩ። ትረሳዋለች ብዬ ነበር። ዛሬ ትረሳዋለች፣ ነገ ትረሳዋለች እያልኩ ዓመቱ ሄደ። አለመርሳትሽ ሲገባኝ ደግሞ ለመናገር መሽቶብኝ ነበር።»

«ስምንት ዓመት!»

«ስምንት ዓመት።» በጨለመ ዓይናቸው ወደ ድምፅዋ ዞሩ። «ሳምንቱን ሙሉ ያቺን ሴትዮ ስራገም ሰነበትኩ አይደል? እግሯን ይያዘው አልኩ አይደል? ራሴን አላወቅኋትም፣ ልጄ። ክፉ ሰው ሲነበብ እንዲህ ነው ለካ የሚመስለው።»

ልጅቷ ተነስታ በሩ ድረስ ሄደች። ልትጮህ ፈልጋ ነበር፤ የሆነ ነገር መወርወር ፈልጋ ነበር። ዞር ስትል ግን አክስቷ የሻይ ብርጭቋቸውን ፍለጋ ጠረጴዛውን በጣቶቻቸው ሲዳብሱ አየች። ተመልሳ ብርጭቆውን እጃቸው ላይ አኖረችላቸው። ያን ጊዜ ከንዴቷ ይልቅ ያቃጠላት፣ እንዲህ እየወደደቻቸው መናደዷ ነው።

ሰኞ ጠዋት ለመድኃኒት ቤቱ አሞኛል ብላ ወደ መጽሔቱ ቢሮ ሄደች። ከልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው፤ ደረጃው በአሮጌ እትሞች ቁልል ጠቧል። አዘጋጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ወፍራም ሰው ነበር።

«የብዕር ስም የያዘን ሰው ስም አንሰጥም፣ እህቴ። ሕጋችን ነው» አላት በኩራት። «አንባቢ ሁሉ እየመጣ ‹እባካችሁ አጋቧቸው› ይላል። ደብዳቤ ካለዎት ግን እናደርሳለን። ረቡዕ ጠዋት የመጨረሻውን ክፍል ይዞልን ይመጣል። ከሌላ ከተማ በአውቶቡስ ነው የሚመጣው፤ በጽሑፉ ፖስታ ቤት እንኳ አያምንም።» ከዚያ አፉን በእጁ ያዘ። «ይህን አልነገርኩዎትም።»

እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ጻፈች። አራት ወረቀት ቀደደች። አምስተኛው እንዲህ ይላል፦

«ለሰዓት ሠሪው፣

ለሐኪም አልታጨሁም፤ ያን ጊዜም፣ ከዚያም ወዲህ። እራት ላይ ስላንተ እያወራሁ መሳቄ እውነት ነው። ደስ ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበርና እስቅ ነበር። ሙጫው ያልኩህ ስለማትለቅ ነው። ለቀቅህ። የመጨረሻውን ክፍል ከማስረከብህ በፊት ግን በጥንቱ መጽሐፍ ያለውን ጥያቄ ጠይቀኝ። ደረጃው ላይ ነኝ።»

ረቡዕ ከማንም ቀድማ ደረሰች። ወደ ሰገነት በሚወስደው በላይኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ሲመጣ ያወቀችው በእርምጃው ነው፤ ሁሌም የመጀመሪያዋን ደረጃ ይዘላታል። ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ወጥቷል። በብብቱ ቡናማ ፖስታ ይዟል። አዘጋጁ በሩ ላይ ደብዳቤውን ሰጠው፣ አንዴ ወደ ሰገነቱ አየ፣ ገባና በሩን ዘጋ።

ቆሞ አነበበው። ወረቀቱን ገለበጠ፤ ጀርባው ባዶ ነበር፤ መልሶ ከመጀመሪያው አነበበው። ከዚያ የአሮጌ እትሞች ቁልል ላይ ተቀመጠ። ቀና ሲል አያት። ታነበው ይሆናል እያለ ሲጽፍላት የኖረው ሰው የእሷን ጽሑፍ ሲያነብ ማየት ለእሷ አዲስ ነበር።

«ሙጫው» አለችው።

ተነሳ። «እርስዎ…»

«እርስዎ? ያን ያህል ሩቅ ሄድኩ?»

«ቃል ጠፋኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።»

«በቀያሹ ጀምር።»

ከታች የልብስ ስፌት መኪና ይሰማል፤ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይሮጣል።

«አክስትሽ የነገሩኝ እውነት ነው?» አለ በመጨረሻ። «ከራስሽ አፍ ልስማው።»

«ውሸት ነው። ከሳቄ በቀር አንዱም ቃል እውነት የለውም።»

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ወርዳ አጠገቡ ቆመች፤ ግን አልነካችውም። የያዘችው ንዴት ገና አልወጣላትም።

«መጽሐፍ ላይ ላለች ሴት ብሩሽ ይወድቅብሃል፣ ሙጫ ትደፋለህ» አለችው። «እኔን ለመጠየቅ አንድ ደረጃ መውጣት አቃተህ?»

«አቃተኝ።»

«ለምን?»

«መውጣቱን አሰብኩት። የዳኛው ሳሎን ውስጥ ስገባ፣ እጄን የት እንደማደርገው። አንቺ እንደምትጠብቂኝ አላሰብኩም። የራሴን እጅ ብቻ ነው ያሰብኩት።» እጁን ዘርግቶ አያት። «ሰው ሲናቅ ለካ ስለ ራሱ ብቻ ነው የሚያስበው። ይህን ለማወቅ አርባ ክፍል ልቦለድ መጻፍ ነበረብኝ። ሴትዮዋ ‹ሙጫው› የሚሉበት ቦታ ላይ አዘጋጁ ‹ስህተት ነው፣ ዘይቱ በል› አለኝ። ተወው አልኩት። አግብታ ከሆነ አንብባ ታልፈዋለች፤ አላገባች ከሆነ…»

«ከሆነስ?»

«ያን ዓረፍተ ነገር ጨርሼው አላውቅም።»

ያን ጊዜ እጁን ያዘችው። ሁለቱም ጓንት አላደረጉም፤ ዘመኑም ሌላ ነው፤ መንገድ ላይ ተቃቅፎ የሚሄደው ብዛቱ። ቢሆንም እዚያ ጠባብ ደረጃ ላይ የሁለቱም ትንፋሽ ቆመ።

ቡናማውን ፖስታ ከብብቱ ወሰደችና ከፍታ አነበበችው። በመጨረሻው ክፍል ሰዓት ሠሪው ከብዙ ዓመት በኋላ ልጅቷን ከባሏና ከልጆቿ ጋር በመንገድ ማዶ ያያታል፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል። አጻጻፉ ያምር ነበር። አንጀት ይበላል። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ የሚያለቅሱበት መጨረሻ ነበር።

በሩ ተከፈተና አዘጋጁ አንገቱን ብቅ አደረገ። «ይቅርታ… ክፍሉ? ማተሚያ ቤት እየጠበቀን ነው።»

«አልደረሰም» አለ ጸሐፊው።

«እጇ ላይ ያለው ምንድን ነው ታዲያ?»

«ስህተት ነው» አለች እሷ፣ ወረቀቶቹን ወደ ፖስታው እየመለሰች።

አዘጋጁ ሁለቱን አፈራርቆ አየና፣ ግንባሩ ላይ ያለውን መነጽር ዓይኑ ላይ አወረደ። «አንድ ሳምንት» አለ። «ከአንድ ሳምንት በላይ አንባቢ ይገድለኛል።» በሩን በቀስታ ዘጋው።

ወደ መንገዱ ሲወጡ ጠዋቱ ገና ነበር። ሱቆች መዝጊያቸውን ያነሳሉ፤ አንዲት ሴት የእግረኛ መንገዱን ታጥባለች። ምንም ሳይነጋገሩ ጥግ ያለው ትንሽ ሻይ ቤት ገቡ።

«አክስቴ ይቅርታ ሊጠይቁህ ይፈልጋሉ» አለችው።

አሰበበት። «ዛሬ አይሁን» አለ። «ይሆናል። ዛሬ ግን አይሁን።» ለዚህም ወደደችው። ይቅርታውን ለማሳመር አልቸኮለም።

ሻዩ መጣ። አሁን በቀን ብርሃን ሲተያዩ ሁለቱም አፈሩ። ስንት ነገር ነው የሚጠየቀው? እናትህ እንዴት ናት፣ የት ትኖራለህ፣ ለምን፣ እንዴት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ። ጣቶቹ አልተለወጡም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣

«እስቲ ንገሪኝ» አላት፤ «በዚህ ስምንት ዓመት ምን ምን አነበብሽ?»

ማንም ጠይቋት አያውቅም። ያን ሁሉ መጽሐፍ፣ ያን ሁሉ ማታ፣ ማንም። የመጀመሪያውን ርዕስ ልትነግረው አፏን ስትከፍት፣ ደረጃው ላይ ያልመጣው እንባ አሁን መጣ፤ ሳትሸፍነው ተወችው።

«ብዙ ነው» አለችው።

«እሰማለሁ» አለና ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ።